በሲሚንቶ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ፦ የአንድ ደብረ ብርሃን ቤት ጥገና

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ ወር አጋማሽ ላይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ባደረ ማለዳ፣ ደብረ ብርሃን የምትኖረው አክስቴ ስልክ ደውላ «የቤቴ ግድግዳ ቆዳው ተገፎ ወደቀ» አለችኝ። የወደቀው የበር ሳንቃ የሚያህል የሲሚንቶ ልስን ነበር። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ልስን በአንድ ካሬ ሜትር አርባ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በዚያ ሌሊት መሬት ላይ ያረፈው ክብደት ከስልሳ ኪሎ አያንስም። ያረፈው ደግሞ የልጅ ልጇ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እየሞቀ በሚጫወትበት ደጃፍ ላይ ነው። በግንባታ ተቆጣጣሪነት የምሠራ በመሆኔ ቤተሰቡ ለእንዲህ ያለው ነገር የሚጠራው እኔን ነው፤ በሳምንቱ መጨረሻ ሄድኩ። በዚያ ቤት ላይ ያየሁትና ያደረግነው በብዙ የጭቃ ቤቶች ላይ የሚታይ ስለሆነ፣ ከነዝርዝሩ ማስቀመጡ ለሌሎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቤቱ በ1978 ዓ.ም. በደቦ የተሠራ ነው። ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ግድግዳው በጤፍ ጭድ በቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ በላዩ በደቃቅ ጭቃ ተለስኖ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ለብሷል። ስፋቱ ስድስት ሜትር በአምስት ሜትር፣ የግድግዳው ቁመት 2.80 ሜትር ነው፤ በርና መስኮቱ ሲቀነስ በውጭ በኩል የሚለሰነው 55 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለሃያ ስምንት ዓመት ያህል አክስቴና ባለቤቷ በየሁለት ዓመቱ፣ ክረምት ሲወጣ፣ የተጎዳውን ቦታ በጭቃ እየጠገኑ ኖረዋል። ባለቤቷ ካረፉ በኋላ ግን ያ ሥራ ከበዳት። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. ያጠራቀመችውን ገንዘብ አውጥታ ግድግዳውን በሙሉ በሲሚንቶ አስለሰነች፤ በዚያው ሰሞን ግቢውንም በሲሚንቶ አስነጠፈች። ሥራው ከአሥር ከረጢት በላይ ሲሚንቶ እንደፈጀ ታስታውሳለች፤ ለዚያ ስፋትና ውፍረት፣ አንድ እጅ ሲሚንቶ በሦስት እጅ አሸዋ ተቦክቶ ቢሆን፣ ስሌቱም የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ይህ ማለት ሃያ ሁለት ኩንታል ያህል ክብደት በጭቃው ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

እንደደረስኩ መጀመሪያ ያደረግሁት ማንኳኳት ነው። የጣቴን አንጓ አጥፌ ግድግዳውን ከበሩ ጀምሬ እየመታሁ ቤቱን ዞርኩት። ልስኑ ከጭቃው ጋር በተያያዘበት ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፤ በለቀቀበት ቦታ ግን ባዶ እንስራ እንደመምታት ይጮኻል። የሚጮኸውን እየተከተልኩ በከሰል ሳከብበው፣ ከቤቱ ዙሪያ ከግማሽ በላይ የሆነው ልስን ራሱን ችሎ የቆመ ቅርፊት እንጂ ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ አለመሆኑ ታየ። ልስኑ በወደቀበት ቦታ የተጋለጠው ጭቃ በእጅ ሲነካ እርጥብ ነበር። ጭቃው ላይ እዚህም እዚያም የዛጉ ሚስማሮች ተተክለዋል፤ በእያንዳንዱ ሚስማር ራስ ላይ ደግሞ የለስላሳ ቆርኪ አለ። ሲሚንቶው እንዲይዝ በማለት በ2006 ዓ.ም. የተደረገው ይኸው ብቻ ነው፤ ሽቦ አልተወጠረም፣ በሚስማሮቹ መካከል ያለው ርቀትም ከክንድ ይበልጣል። ወደ ማዕዘኑ ቋሚ ሄጄ ከግርጌው ካቻቢቴ ብወጋበት፣ እስከ እጀታው ድረስ ያለ ምንም ግፊት ገባ። ምስጥ አልነበረም። እንጨቱ በእርጥበት በስብሶ፣ ሲቆፈር የዝናብ ጫካ አፈር ሽታ ይሸታል።

አክስቴ ጥፋቱን የጣለችው በሲሚንቶው ጥራትና በሠራተኛው ላይ ነበር። እኔም ብሆን መጀመሪያ ወደዚያው አዘንብዬ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በጓሮ ያለው ማድ ቤት ነው። ማድ ቤቱ ከብሎኬት የተሠራ ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት፣ በዚያው ሰው እጅ፣ ከዚያው ሲሚንቶና አሸዋ ተለስኗል፤ ከአራት ክረምት በኋላ ግን አንድም ቦታ አይጮኽም፣ አንድም ቦታ አልተሰነጠቀም። እንግዲህ ሲሚንቶው መጥፎ ቢሆን ወይም ሰውዬው ሥራ የማያውቅ ቢሆን፣ ማድ ቤቱም ባልቀረለት ነበር። ልዩነቱ ከልስኑ ሥር ያለው ግድግዳ ነው።

ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ማገሩና ቋሚውም እንዲሁ። ሲሚንቶ ግን ከጠነከረ በኋላ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ሁለቱ በተገናኙበት ገጽ ላይ በየዓመቱ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይቀራል፤ መያያዣቸው ይላላል፣ ልስኑም በቀጭኑ ይሰነጠቃል። በዚያ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ የዝናብ ውኃ ይገባል። የጭቃ ልስን ቢሆን ኖሮ የገባው ውኃ ፀሐይ ሲወጣ በመላው ገጹ በኩል ተንኖ ይወጣ ነበር፤ ሲሚንቶው ግን ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የገባውን አያስወጣም። ውኃው ወደ ታች እየወረደ በቋሚዎቹ ግርጌ ይጠራቀማል። አክስቴ አራት ዓመት ሙሉ ከውጭ ደረቅና ያማረ ግድግዳ እያየች ስትኖር፣ ቤቱ ከውስጡ እየበሰበሰ ነበር። ከሁሉ ያሳዘነኝም ይህ ነው፤ ቀድሞ ጭቃው ሲጎዳ ጉዳቱ ስለሚታይ ወዲያው ይጠገን ነበር።

ውኃው የሚመጣው ደግሞ ከስንጥቁ ብቻ አልነበረም። የቆርቆሮው ክፈፍ ከግድግዳው የሚወጣው 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን አሸንዳ አልነበረውም፤ ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ የግቢውን ንጣፍ እየመታ ወደ ግድግዳው ይረጫል። ቤቱ ሲሠራ ከመሬት በላይ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ መሠረት ነበረው፤ ግቢው ሲነጠፍ መሬቱ ከፍ በማለቱ የቀረው አሥር ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ንጣፉ ላይ ውኃ ልክ ሳስቀምጥ ቁልቁለቱ ወደ ግቢው በር ሳይሆን ወደ ቤቱ ሆኖ ተገኘ። አንድ ባልዲ ውኃ አፍስሼ ስመለከት ውኃው ቀስ ብሎ ሄዶ በግድግዳው ሥር ቆመ። በእኔ እምነት ከዚህ ሁሉ ጥፋት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ይህ ንጣፍ ነው፤ ግድግዳው በምንም ቢለሰን፣ ይህ ሳይስተካከል የግንበኛ ማንኪያ ማንሳት ገንዘብ መጣል ይሆን ነበር።

ያየሁትን ሁሉ ካስረዳሁ በኋላ ሲሚንቶው በሙሉ ተነሥቶ ግድግዳው እንደገና በጭቃ እንዲለሰን ሐሳብ ሳቀርብ አክስቴ ዝም አለች። ቆይታም «ልጄ፣ ሰው ወደ ፊት ሲሄድ እኔ ወደ ጭቃ ልመለስ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ማቃለል ተገቢ አይደለም። በከተሞቻችን በሲሚንቶ የተለሰነ ቤት የክብር ምልክት ነው፤ ብቻዋን ቤት ያቆመች ሴት ያንን ክብር የገዛችው ከአፏ ቀንሳ ባጠራቀመችው ገንዘብ ነው። ሌላ መንገድ መኖሩንም ነገርኋት፦ ቋሚዎቹ ከተጠገኑ በኋላ በመላው ግድግዳ ላይ የሽቦ መረብ ወጥሮ፣ በየሃያ ሴንቲ ሜትሩ በሚስማር አጥብቆ እንደገና በሲሚንቶ መለሰን ይቻላል፤ ብዙዎችም ይህን ያደርጋሉ፣ ልስኑም ቶሎ አይወድቅም። ነገር ግን ሽቦው ልስኑን ከመውደቅ ቢይዘውም ውኃውን አያስወጣውም፣ ቋሚዎቹም መበስበሳቸውን አያቆሙም። ያሳመናት የእኔ ንግግር ሳይሆን ለሥራው የመጣው አዛውንት ግንበኛ የተናገረው ነው፦ «እማማ፣ ጭቃው ሃያ ስምንት ዓመት አኑሮዎታል፤ ሲሚንቶው አራት። ላዩን በኖራ ነጭ እናደርገዋለን፤ ከመንገድ የሚያይ ሰው ከምን እንደተሠራ አያውቅም።»

ሥራው የተጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ጊዜው ጠባብ ነበር፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከኅዳር ጀምሮ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ውርጭ ደግሞ ያልደረቀን ልስን ውስጡ ያለውን ውኃ አቀዝቅዞ ያፈራርሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ልስን የሚባል ነገር አልነካንም። በግድግዳው ዙሪያ የ60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ንጣፍ በመዶሻና በመሮ ተሰብሮ ወጣ፤ የድንጋዩ መሠረት እስኪታይ ተቆፈረ፤ ቦታው ጠጠር ተሞልቶ ውኃው ከቤቱ እንዲርቅ ቁልቁለት ተሰጠው። አሸንዳ ተገጠመ። ሁለት የማዕዘን ቋሚዎች የበሰበሰው ግርጌያቸው ተቆርጦ በአዲስ እንጨት ተቀጠሉ፤ ሥራቸውም አፈር ላይ ሳይሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። የላላው ሲሚንቶ ያለ ብዙ ድካም ተነሣ። የያዘውን ግን ጭቃውን ሳያናጉ ማውጣት አስቸጋሪ ስለነበር፣ በትንሽ መዶሻ እየተሸረፈ ሦስት ቀን ፈጀ።

ሲሚንቶ የተጠቀምንበት ቦታ የድንጋዩ መሠረት ብቻ ነው፤ ድንጋይ ስለማያብጥ ለእሱ ይስማማዋል። አራት ከረጢት በቃን። ለዚህ የመጣውን አሸዋ ከመቀበላችን በፊት በአንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ እስከ ግማሽ አድርገን፣ ውኃ ሞልተንና በደንብ በጥብጠን አሳደርነው። በማግሥቱ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚሆን አሸዋ ከታች ረግቶ፣ በላዩ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቡናማ ደለል ተኝቶ አገኘን። የአገራችን የግንባታ ደረጃ በአሸዋ ውስጥ ከ6 በመቶ በላይ ደለል እንዳይኖር ይጠይቃል፤ የጠርሙሱ ልኬት ግምታዊ ቢሆንም ይህ አሸዋ ከዚያ በጣም እንደሚያልፍ ግልጽ ነበር። መመለስ ስላልተቻለ በበርሜል ታጠበ። ማንም ሰው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ይህ ቀላል ሙከራ ብዙ ጊዜ ሲታለፍ አያለሁ፤ ደለል ያለበት አሸዋ ሲሚንቶውን ከአሸዋው እንዳይያያዝ ስለሚከለክለው፣ ልስኑ ከደረቀ በኋላ በእጅ ሲታሽ ይበናል።

ለግድግዳው የሚሆነው አፈር ከሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደብን። በግቢው ያለው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዋልካ ሲርስ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ አፉን ይከፍታል። ከከተማው ዳር ቀይ አፈር አስመጣንና በጓሮው በኩል ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት ናሙናዎች ለሰንን፣ እያንዳንዳቸው አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። በዋልካ ብቻ የተሠራው በሳምንቱ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ዋልካና ቀይ አፈር እኩል የገባበት በቀጭኑ ተሰነጠቀ። አንድ እጅ ዋልካ፣ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የታጠበ አሸዋ የገባበት ሦስተኛው ግን ሳይሰነጠቅ ደረቀ፤ በጥፍር ሲፋቅም አልተበረበረም። በሦስቱም ውስጥ የነበረው ጭድ መጠኑ አንድ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው አፈሩ መሆኑን አወቅን።

ለሁለት ዙር ልስን፣ በድምሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ ከሁለት ሜትር ኩብ የሚበልጥ አፈር አስፈልጎናል፤ በሃያ ሊትር ባልዲ ሲለካ መቶ አሥር ባልዲ ያህል ነው። አፈሩ በወንፊት ተነፍቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከጭድና ከውኃ ጋር ተቦካ። የገብስ ጭድ በአካባቢው እንደ ልብ ቢገኝም ጠንከር ያለ ስለሆነ ለመጀመሪያው ዙር አዋልነው፤ ለማጠናቀቂያው የጤፍ ጭድ በጣት ልክ ተቆርጦ ገባ። ጭቃው በላስቲክ ተሸፍኖ አሥር ቀን ተቀመጠ፤ በየሦስት ቀኑ በእግር ይረገጣል፣ ይገለበጣል። በሰባተኛው ቀን ሽታው እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ሆነ፤ ጭዱ መብላላት ሲጀምር ጭቃውን የሚያጣብቅ ነገር ስለሚለቅ፣ በመጀመሪያው ቀን ከእጅ ላይ ይንሸራተት የነበረው ጭቃ በአሥረኛው ቀን ከማንኪያው አልለቅ አለ። ጭቃ ተቦክቶ በዚያው ቀን የሚለሰንበት ሥራ ለምን እንደሚረግፍ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

ስለ መሣሪያው ብዙ የሚባል የለም። ዶማ፣ አካፋ፣ ባልዲ፣ ወንፊት፣ የግንበኛ ማንኪያ፣ ከእንጨት የተሠራ ማለስለሻ፣ ቱምቢና ሲባጎ፣ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ፣ ሁለት የኖራ ብሩሽና አንድ መሰላል በቂ ነበሩ። ግንበኛው የብረት ማለስለሻ በጭቃ ላይ እንዲያርፍ አልፈቀደም፤ ብረት ገጹን ስለሚያንጸባርቀው ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ኖራውም የሚይዝበት አያገኝም። አንድ ጊዜ ወጣቱ ረዳቱ የብረቱን ሲያነሣ አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ከእጁ ተቀብሎ የእንጨቱን ሰጠው።

ልስኑ ሲጀመር ግድግዳው በብሩሽ ውኃ ተረጨ። የመጀመሪያው ዙር በማንኪያ አልተቀባም፤ በእጅ እየተጠፈጠፈ በኃይል ተወረወረ፣ ምክንያቱም የተወረወረ ጭቃ በአሮጌው ጭቃ ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይነክሳል። ከዚያ በጣውላው ተስተካክሎ፣ ገና ሳይደርቅ በሹካ በሰያፍ ተጫረ። ሁለት ሳምንት እንዲደርቅ ተተወ። እዚህ ላይ አክስቴ ቸኩላ ነበር፤ ሆኖም ሁለተኛው ዙር እርጥብ በሆነው ላይ ቢደረብ ኖሮ የታችኛው ሲሸበሸብ የላይኛውን ይዞት ይሰነጠቅ ነበር። ሁለተኛው ዙር አንድ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተቀባ፤ ጣት ሲጫኑት ምልክት የሚይዝ ግን የማይጣበቅ በሆነበት ሰዓት በእንጨቱ ማለስለሻ ክብ ክብ እየተደረገ ታሸ። ሌሊት ሌሊት በጆንያ ይሸፈን ነበር።

ኖራውን በተመለከተ ልንሠራው የነበረ ስሕተት አለ። መጀመሪያ የቀረበልን ነጭ ዱቄት ለአሲዳማ እርሻ መሬት የሚውለው ኖራ ነበር። እሱ ያልተቃጠለ፣ እንዲሁ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ለማሳ ይጠቅማል፣ ግድግዳ ላይ ግን አይጠነክርም። ለልስንና ለቅብ የሚሆነው በእሳት ተቃጥሎ ከዚያ በውኃ የበረደው ነው፤ ይህ ኖራ ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ሁለቱን ለመለየት ከየአንዳንዱ ጥቂት በውኃ ለውሰን በሸክላ ስባሪ ላይ ቀባንና ሳምንት ጠበቅን፤ የእርሻው በጣት ተጠርጎ ሄደ፣ የተቃጠለው ግን እንደ ቅርፊት ያዘ። ጄሶም ተጠቁሞን ነበር፤ ጄሶ ውኃ ስለሚያሟሟው ከውስጥ ግድግዳ በስተቀር አይሆንም። ኖራ ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ የጎንደር አብያተ መንግሥት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ድንጋያቸው ተያይዞ የቆመው በኖራ ነው።

ኖራው እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው እየረጠበ፣ በየቀኑ አንድ ዙር፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ ተቀባ። ሲቀባ ገጹ ደብዛዛ ነው፤ ንጣቱ የሚወጣው ሲደርቅ ስለሆነ፣ ባለቤቱ «አልያዘም» ብሎ አወፍሮ እንዲቀባ ይፈተናል፤ ወፍሮ የተቀባ ኖራ ግን ይላጣል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚያቃጥል ረዳቱ ጓንትና መነጽር ሳያደርግ እንዲነካው አልፈቀድንም። ሥራው ኅዳር 12 ቀን 2011 ዓ.ም. አለቀ። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን የያዙት አሸንዳው፣ የድንጋዩ መሠረትና የቋሚዎቹ ጥገና ናቸው፤ አፈር፣ ጭድና ኖራ አንድ ላይ ተደምረው ከአሸንዳው ዋጋ አልደረሱም።

ከሁለት ክረምት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. መስከረም፣ ሄጄ እንደ ቀድሞው እያንኳኳሁ ዞርኩት። የሚጮኽ ቦታ አላገኘሁም። በአንደኛው መስኮት የታችኛው ማዕዘን አጭር ስንጥቅ ወጥቷል፣ ነፋስ ያለበት ዝናብ በሚመታው በኩልም ኖራው ሳስቷል። በተቀጠሉት ቋሚዎች ግርጌ ካቻቢቴ ሞክሬ አልገባ አለኝ። አክስቴ በጀሪካን ያስቀመጠችውን የተረፈ ኖራና የታሸገ የጤፍ ጭድ አውጥታ በበሩ አጠገብ አስቀምጣ ጠበቀችኝ፤ ከሰዓት በኋላ ስንጥቁን እኔ ደፈንኩ፣ የልጅ ልጇ ብሩሹን ይዞ የሳሳውን ቦታ ቀባ።